አዴ ድርቤ እንደተረጎመችው

ድርቤ ካርታ ጥላ ትጠነቁላለች ይባላል። ነቀምቴ ውስጥ ይህን ያልሰማ ሰው ካለ ወይ ጆሮውን ያመዋል፣ ወይ ገና ዛሬ ከአውቶቡስ መውረዱ ነው። አንዳንዱ ካርታውን ከሱዳን ድንበር ያመጣችላት አንዲት ነጋዴ ናት ይላል። ሌላው ደግሞ በሯን ዘግታ ከካርታው ንጉሥ ጋር ታወራለች፣ ንጉሡም በኦሮምኛ ይመልስላታል ብሎ ይምላል።

ውሸት ነው። ድርቤ በዕድሜዋ ካርታ ነክታ አታውቅም። የመዘምራን ልብሷን ቅዳሜ አጥባ እሑድ የምትለብስ፣ ከፊተኛው አግዳሚ ወንበር የማትጠፋ ጴንጤ ናት። ካርታ የምትጥለው አገኘሁሽ ናት፤ በልጅነቷ በድርቁ ጊዜ ከወሎ ወደ ኪራሙ የሰፈረች፣ በስተርጅና ደግሞ ከኪራሙ ወደ ነቀምቴ የተፈናቀለች። ድርቤ አስተርጓሚ ብቻ ናት። ይህንንም ለፓስተሩ፣ ለሽማግሌዎቹ፣ ለባጃጅ ሹፌሩ፣ ላልጠየቃትም ሁሉ ተናግራለች።

"ኃጢአቱ የጣይዋ ነው" ትላለች። "እኔ ቋንቋ ነኝ። ቋንቋ ደግሞ ሲኦል አይገባም።"

እንደ ድርቤ ያለ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። ሁለት ቋንቋ ባለበት አገር ሁሉ መሃል ላይ የሚቆም አንድ ሰው ይበቅላል። ማንም አልዘራውም። ሐኪሙ በሽተኛዋን "የት ነው የሚያምሽ?" ሲል፣ ይህ ሰው ከሴትዮዋ ጋር ስለ ልጆቿ፣ ስለ ላሟ፣ ስለ ጎረቤቷ ክፋት ሲጨዋወት ቆይቶ ወደ ሐኪሙ ዞር ይልና "ሆዷን ነው" ይላል። ሴትዮዋ ስለ ሆዷ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። የሚገርመው ግን ሲመረመር ሆዷ ሆኖ መገኘቱ ነው። ክብርት አዴ ድርቤ የዚህ ወገን ንግሥት ናት፤ ነጋሪት ስላልተጎሰመላት ራሷ ትጎስማለች።

አገኘሁሽ ድርቤን ያገኘቻት ተፈናቃይ በሚመዘገብበት ግቢ ነው። ጸሐፊው በኦሮምኛ ስሟን ጠየቃት። አገኘሁሽ ኦሮምኛ ጠንቅቃ ታውቃለች። ኪራሙ ላይ ቅቤ የሸጠችው በኦሮምኛ ነው፣ በግጦሽ የተጣላችውም በኦሮምኛ ነው፣ የታረቀችውም እንደዚሁ። "አገኘሁሽ" ልትል አፏን ስትከፍት ግን ከኋላዋ አንድ ድምፅ ቀደማት።

"ይቺ ሴትዮ ምስኪን ናት" አለች ድርቤ ለጸሐፊው፤ ምን ልታደርግ ከዚያ ግቢ እንደተገኘች እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። "ባሏን ኪራሙ አፈር አልብሳ ነው የመጣችው። ልቧም ድካም አለበት። ዓይኗም እንደልብ አያይላትም። ቋንቋም የላትም።"

የባሏ ነገር እውነት ነው። ሌላው ሁሉ ፈጠራ ነው። አገኘሁሽ ልታርማት ስታስብ ጸሐፊው አዝኖ ብርድ ልብስ ደረበላት፤ ከሰልፉም አወጣት። ከዚያ ወዲያ "ኦሮምኛ እኮ አውቃለሁ" ማለት ብርድ ልብሱን መልሳችሁ ውሰዱት እንደማለት ሆነባት። ዛሬ ነገ ስትል ሰነበተች። ነገሩ ሥር ሰደደ። በዚህም ቋንቋ የማታውቅ ሴት ሆና ቀረች።

ድርቤ በዚያው ቀን ይዛት ሄደች፤ ከሰፈሯ ወፍጮ ቤት ጀርባ ክፍል አገኘችላት። የባሏን የዋለን ለቅሶ ያስለቀሰቻትም እሷው ናት። ዋለን አይተው የማያውቁ የሰፈር ሴቶችን ሰብስባ አመጣችና፣ ምን ዓይነት ሰው እንደነበር በኦሮምኛ ትተርክላቸው ጀመር። ክራር ይመታ ነበር አለች። ድሃ አደግ ያሳድግ ነበር አለች። ዋለ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ማፏጨት እንኳ አያውቅበትም። አገኘሁሽ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ስትሰማ፣ በለቅሶዋ መሃል ሳቅ አመለጣትና በሳል ሸፈነችው። ሴቶቹ ግን ለዚያ ክራር መቺ ከልባቸው አለቀሱ። ባዕድ አገር ላይ ለባሏ እንዲህ ያለ እንባ ይፈሳል ብላ አገኘሁሽ አልጠበቀችም ነበር።

ካርታውም የዋለ ነው፤ ኮንከር ይጫወትበት የነበረ፣ ጠርዙ ያለቀ፣ አንዷ ጠፍታ በሲጋራ ካርቶን ቁራጭ የተተካች። አገኘሁሽ እጇ ሥራ ሲፈታ ሰሌኑ ላይ ትደረድረዋለች፣ ትሰበስበዋለች። አንድ ቀን ሊሊሴ የምትባል ጎረቤት ልታስፈጭ መጥታ በበሩ አየቻትና ድርቤን "ምን ይላል?" አለቻት።

"ምን ይላል ትላለች" አለች ድርቤ።

"ምን ይላል? ወረቀት ነው፤ ምንም አይልም።"

ድርቤ ወደ ሊሊሴ ዞረች። "ለሁሉም አይናገርም ትላለች። ላመነ ነው።"

በማግሥቱ ሊሊሴ ያመኑ ሴቶች አስከትላ መጣች።

ለዚህ ሥራ ከዚያ ክፍል የተሻለ ቦታ ፈልጎ አይገኝም። ነቀምቴ የጸሎት ከተማ ናት፤ ጠንቋይ ቤት የሚሄድ ሰው የለባትም። ወፍጮ ቤት የማይሄድ ግን ማን አለ? ሁሉም በቆሎውን ተሸክሞ ይመጣል። በቆሎ ያጣችዋ የተፈጨ ዱቄት ይዛ መጥታ ባለወፍጮውን "ሸካራ ሆነብኝ፣ ድገመው" ትለዋለች። በዚያ ሰፈር እንደዚያ ዘመን የላመ ገንፎ ተበልቶ አያውቅም። ወፍጮው ሲነሳ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፣ ካርታውም ሰሌኑ ላይ በራሱ ይንፏቀቃል። ድርቤ ይህንንም ትተረጉመዋለች።

አገኘሁሽ አታላይ አልነበረችም። ካርታው የሚናገረው እንደሌለው ታውቃለች፤ ሰው ሲጠይቃት ግን ፊቱን ታያለች፣ ሄዶ የቀረባት ሰው በየትኛው መንገድ በየትኛው ሰሞን እንደሄደ ትሰማለች፣ የመሰላትን ትናገራለች። በዚያ የግጭት ሰሞን ወደ ሰሜን የሄደ ሰው ስንቱ እንደተመለሰ እሷ ራሷ በዓይኗ ያየችው ነገር ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የምትለው "አይመስለኝም" ነው።

የድርቤ ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

አገኘሁሽ "አይመጣም" ካለች፣ "በዚህ በጋ አይመጣም" ይሆናል። "ሞቷል" ካለች፣ "ሩቅ ነው፣ ኔትወርክ የሌለበት።" "ሌላ ሴት ይዟል" ካለች ደግሞ፣ ድርቤ ጎንበስ ብላ፣ የጠያቂዋን ጉልበት መታ መታ አድርጋ፣ "አይዞሽ፣ ብቻውን አይደለም ትላለች። የሚያበስልለት ሰው አለ።" ሴትዮዋ አመስግና ትሄዳለች።

"ማለት የፈለገችው" የምትለው ቃል የድርቤ ርስት ናት። አንድ ቀን አገኘሁሽ ጥርሷን አሟት ጭራሽ ሳትናገር ዋለች። ድርቤ ስታስተረጉም ዋለች።

አሜን የምትባል የኮሌጅ ተማሪም መጥታ ነበር። ስልኳ ላይ ታሮት የሚሉት የፈረንጅ ካርታ በነጻ ይጣልላታል፤ የወጣላትን የሚፈታላት ግን አጥታለች። ሥዕሉን አሳየቻቸው፦ ጥሩር የለበሰ አጽም በነጭ ፈረስ ተቀምጧል፣ ከፈረሱ ኮቴ ሥር ሰው ተዘርሯል።

"ይኼማ ሞት ነው" አለች አገኘሁሽ። ይህን ለማለት ካርታ ጣይ መሆን አያስፈልግም።

"ፈረስ ነው ትላለች" አለች ድርቤ በኦሮምኛ። "ፈረስ ደግሞ መንገድ ነው። ተመርቀሽ ጥሩ ቦታ ትመደቢያለሽ።"

"አዴ ድርቤ፣ እኔ እኮ አማርኛ እሰማለሁ። ሞት ነው ያለችው።"

"መስማትሽን ማን ካደ? መስማት ሌላ፣ መግባት ሌላ።"

"እሺ፣ የተዘረረው ሰውዬስ?"

"እሱ ደክሞት ነው።"

ልጅቷ ስቃ ስቃ እንባዋን ጠረገች። ከወጣች በኋላ ግን አገኘሁሽ አንድ ነገር ስታሰላስል ቆየች። ልጅቷ ስትስቅ ስልኩን ደረቷ ላይ ለጥፋው ነበር፤ ይዛ የሄደችውም የድርቤን ፈረስ እንጂ የእሷን ሞት አልነበረም። የሌሎቹንም ፊት ልብ ብላ ማየት ጀመረች። ከሚመጡት ሴቶች ግማሾቹ ገበያ ላይ በአማርኛ ሽንኩርት ተከራክረው የሚገዙ ናቸው። እሷ ስትናገር አንገታቸውን ይደፋሉ፤ ድርቤ ስትጀምር ቀና ይላሉ። ሰምተዋል እኮ። ሰምተው ነው ትርጉሙን የሚጠብቁት። ለእሷም ቢሆን ይሻላት ነበር፤ በሁለት አፍ ያለፈ ክፉ ቃል የማንም አይሆንም፣ ማታም ደረት ላይ አይቀመጥም። ኦሮምኛ ማወቋን የደበቀችው በብርድ ልብሱ ምክንያት ብቻ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባት።

ይህ ሁሉ ሲሆን ድርቤ ለራሷ አንድም ቀን ካርታ አላስጣለችም። የሚያስጠይቃት ሳይኖር ቀርቶ አይደለም። ባሏ ገቢሳ የአይሱዙ ሹፌር ነበር፤ ዝምተኛ፣ የግራ እጁን ትንሽ ጣት የሞተር ቀበቶ፣ ቺንጋ የሚሉት፣ ከመሃል የበላበት። ቤት ውስጥ አንድም ቃል መናገር አያስፈልገውም ነበር፤ ድርቤ ትናገርለታለች። አንድ ጠዋት በቆሎ ሊጭን ወደ ጊዳ አያና ብሎ ወጣ። እሱም መኪናዋም የውሃ ሽታ ሆኑ።

ድርቤ በየቀኑ ትደውልለታለች። ከወዲያ በኩል የምትመልሰው ያቺ የተቀዳች ሴትዮ ናት። ድርቤ እሷንም ትተረጉማታለች። "ሰማችሁ? ‘ለጊዜው’ አለች እኮ! ‘ለጊዜው ማግኘት አይችሉም’ ነው ያለችው። ለጊዜው!"

የገቢሳ እናት፣ ሰፈሩ አኮ፣ አያት፣ እያለ የሚጠራት አሮጊት፣ ሌላ ነገር ነው የምትለው። አልጋ ላይ ከዋለች ሰንብታለች። "ልጄ ሞቷል" ትላለች። "እናት ታውቃለች። ሳልሞት ላልቅስለት። ድንኳን ጣሉልኝ።" የገቢሳ ታላቅ ወንድም ኢቢሳ ይህንን ይዞ ወደ ድርቤ ይመላለሳል። እሷ አትሰማም። ያለ ሚስቱ ፈቃድ ደግሞ እድሩ ድንኳን አያወጣም።

"ላልሞተ ሰው አይለቀስም" ትለዋለች። "ነገ ሲመጣ በየትኛው ዓይናችሁ ልታዩት ነው?"

"አዴ ድርቤ፣ እናቴ ልትሞት ነው እኮ። ልጇን ሳታለቅስ ልትሞት ነው።"

"ማለት የፈለገችው ናፍቆኛል ነው" ትላለች ድርቤ።

ኢቢሳ ተነስቶ ይወጣል። አንድ ቀን በሩ ላይ ቆሞ ግንባሩን ከመቃኑ ጋር አስደግፎ ሲያለቅስ አገኘሁሽ አየችው። ድርቤ ግን ጀርባዋን ሰጥታ በቆሎ ትለቅም ነበር።

አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጠያቂ ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ ድርቤ ካርታውን በዓይኗ እየሸሸች "አንዲት ጓደኛ አለችኝ፣ ባሏ ሄዶ የቀረባት" አለቻት። አገኘሁሽ ካርታውን ሰብስባ መሐረቧ ውስጥ ቋጠረችው። "ጓደኛሽ ራሷ ትምጣ" አለቻት። ጓደኛዋ አልመጣችም።

በቆሎ ሲሰበሰብ፣ በገበያ ቀን፣ አንድ ሽማግሌ ገቡ። ኦቦ ሞረዳ ይባላሉ፤ ከኡኬ ወዲያ ባለ ገጠር የሚያርሱ። እንደተነገራቸው ትንሽ በቆሎ ይዘው መጥተው ወፍጮው ጋ አስቀምጠዋል። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉና፣ በኦሮምኛ፣ ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሱ ተናገሩ።

"ከመንገዱ በታች፣ ከማሳዬ ዳር ነው ያገኘሁት። መኪና አልነበረም፤ ሰው አልነበረም። ስልኩንም መታወቂያውንም ወስደውበታል። ሹፌር ይመስለኛል፤ እጁ ላይ የመኪና ግራሶ ነበር። የግራ እጁ ትንሿ ጣት ከመሃሏ የለችም፤ የቆየ ነገር ነው፣ የገደሉት ሰዎች አይደሉም የቆረጡት። ከባለቤቴ ጋር አጠብነው። በጋቢዬ ገነዝነው፣ ቀበርነው። ለማን ልናገር? ‘ማን ገደለው?’ ብለው እኔኑ ይይዙኛል። ዝም አልኩ። ግን እንቅልፍ የለኝም። ሰው ያለ ለቅሶ ቀበርኩ። እስቲ ጠይቂልኝ፣ ልጄ፤ ሰው እንዳለው ትንገረኝ። ሰው ካለው ሄጄ ልንገራቸው። ከሌለው እኔው ድንኳን ጥዬ አለቅስለታለሁ። ልጄ ነበር እላለሁ።"

ወፍጮው ይጮሃል። ድርቤ ዝም አለች። አገኘሁሽ ያቺን ሴት ዝም ስትል አይታት አታውቅም ነበር፤ ፊቷ ሌላ ሰው መሰላት።

ከዚያ ድርቤ ወደ እሷ ዞረች። ድምጿ እንደ ሁልጊዜው ነው።

"በሬ ጠፍቶባቸው ነው" አለች በአማርኛ። "ቀይ በሬ። ይገኝ እንደሆነ ጠይቂልኝ ነው የሚሉሽ።"

አገኘሁሽ ካርታውን መበወዝ ጀመረች፤ እጇ ሌላ ነገር አላገኘም። ድርቤ እስከ ዛሬ የምታጣምመው ለሌላው ጆሮ ነበር። ዛሬ ለራሷ ጆሮ አጣመመችው። "ይገኛል በያቸው" ማለት ብቻ ነበር የሚፈለገው። አንድ ቃል። ድርቤ ያንን ይዛ ቤቷ ትገባለች፤ ነገም ትደውላለች፣ ከነገ ወዲያም። አሮጊቷ አልጋዋ ላይ እንባዋን እንደቋጠረች ትሄዳለች። እኚህ ሽማግሌ ደግሞ አገራቸው ገብተው ለሰው ልጅ ድንኳን ይጥላሉ።

ሦስት ካርታ አወጣችና ሰሌኑ ላይ ዘረጋች። አላየቻቸውም። የምታየው ድርቤን ነበር።

"በሬው አይገኝም በያቸው።"

ድርቤ አልተረጎመችም።

"በያቸው እንጂ፣ ድርቤ። በሬው ግን ሰው አለው በያቸው። እናት አለችው፤ ሳትሞት ልታለቅስለት የምትፈልግ። ወንድም አለው። ሚስት አለችው። የግራ እጁን ትንሽ ጣት የምታውቅ።"

ድርቤ ቀና ብላ አየቻት። የወፍጮው ዱቄት በግድግዳው ስንጥቅ ገብቶ በሁለቱም ሴቶች ሽፋሽፍት ላይ ተቀምጧል።

"በሬ ጣት የለውም፣ አገኜ" አለች ቀስ ብላ።

"አዎ። የለውም።"

ድርቤ ነጠላዋን አስተካከለች። ጉሮሮዋን ጠረገች። ወደ ኦቦ ሞረዳ ዞረችና፣ በአስተርጓሚነት ዘመኗ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የተባለውን ሳታጣምም በኦሮምኛ ተናገረች።

"ሰው አለው ትላለች። እናት አለችው። ወንድም አለው። ሚስት አለችው።"

ከዚያ አገኘሁሽ ያላለቻትን አንዲት ነገር ጨመረች።

"እኔ ነኝ።"

የሽማግሌው ባርኔጣ ከጉልበታቸው ወደቀ። ሁለቱንም እጇን ይዘው እንደ ሕፃን አለቀሱ። ድርቤ አላለቀሰችም። ጀርባቸውን መታ መታ እያደረገች፣ ሌሎቹን እንደምታደርገው ሁሉ፣ "አይዞዎት፣ አባ" ትላቸው ነበር። "አጥበውታል እኮ። በጋቢዎ ገንዘውታል። ይበቃል። ዱቄትዎን እንዳይረሱ።"

በማግሥቱ የእድሩ ድንኳን የድርቤ ግቢ ውስጥ ተተከለ። አኮን ከነፍራሿ ተሸክመው አመጧት። አሮጊቷ የቋጠረችውን ሁሉ አወጣችው፤ ስታለቅስ ድምጿ የወጣት ነበር፣ ከየት እንደምታመጣው ለሁሉም ገረመ። ዘማሪዎቹ መዝሙራቸውን አቋርጠው ሰሟት። ከዚያ ደከማትና ጸጥ አለች። ጸጥ ስትል ነው አገኘሁሽ ነጠላዋን ዘቅዝቃ የገባችው።

ድንኳኑ ቀዘቀዘ። አንዳንዱ ያየው ካርታ ጣይዋን ነው። አንዳንዱ ያየው ከኪራሙ የመጣችውን ነው፤ በዚያ ሰሞን ማን ከየት እንደመጣ ሰው ሁሉ በልቡ ያሰላል። ያለፈው ሳምንት ዱቄቷን ያስደገመችው ሊሊሴ እንኳ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። አገኘሁሽ ማንንም ሳታይ ከአኮ ፍራሽ አጠገብ ተንበረከከች፤ የአሮጊቷን እጅ ይዛ፣ እንደ ልማዷ በአማርኛ፣ "እግዜር ያጥናሽ፣ እናቴ" አለች። ሌላ የምትለው አልመጣላትም።

አኮ አማርኛ አታውቅም። "ምን አለች?" አለች በኦሮምኛ።

ከሐዘንተኞቹ ወንበር ላይ የድርቤ ድምፅ መጣ። ስታለቅስ አድራ ሻክሯል።

"እናቴ፣ እንዲህ ትላለች" ብላ ጀመረች። "ልጅሽ ሲሄድ አልተሰቃየም ትላለች። እንቅልፍ እንደሚወስደው ሰው ነው የሄደው። ፊቱ ላይ ፀሐይ ነበር። የመጨረሻ የጠራው አንቺን ነው። ደግ ሰው አገኘው፤ እንደ አባት አጠበው፣ ነጭ ጋቢ አለበሰው። የተቀበረበት ቦታ ከፍ ያለ ነው፣ ውሃ አይገባበትም፣ ወፍ ይጮህበታል። እሱ አርፏል፣ እናቴ፤ አንቺም እረፊ ትላለች።"

ድንኳኑ ሙሉ ሰው ወደ አገኘሁሽ ዞረ። ሦስት ቃል ተናግራ ይህ ሁሉ መውጣቱን ያላየ የለም። አኮም አሮጌ ዓይኗን አፍጥጣ ትጠብቃለች።

አገኘሁሽ ያቺን ሴት አየቻት፤ ያቺን ለፍላፊ፣ ያቺን ጭማሪ ወዳጅ፣ ማፏጨት የማያውቀውን ባሏን ክራር ያስመታችላትን። ከዚያ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ጥርት ባለ የኪራሙ ኦሮምኛ፣ ለአሮጊቷ መለሰችላት።

"ኤዬ። አከሱመን ጄዴ።" አዎ፤ ልክ እንደዚያ ነው ያልኩት።

ድንኳኑ ውስጥ አንድ ማጉረምረም ከዳር ዳር ዞረ። የተገረመው ሁሉ ተገረመ፤ ድርቤ ብቻ አልተገረመችም። አግዳሚው ላይ ጠጋ አለችና አጠገቧ ያለውን ቦታ በእጇ መታ መታ አደረገች። አገኘሁሽ ሄዳ ተቀመጠች። ትከሻቸው ተነካካ። ከዚህች ሴት ጋር አንድ ቋንቋ ይዛ መቀመጥ እንዲህ ያሳርፋል ብላ አስባ አታውቅም ነበር።

ቀትር ላይ ኢቢሳና ዘመዶቹ ተመለሱ። ማለዳ ኦቦ ሞረዳን ይዘው መቃብሩን ሊያዩ ሄደው ነበር። ኢቢሳ ጫማው ላይ ጭቃ እንዳለ እናቱ አጠገብ ቁጭ ብሎ ተናገረ፤ አፈሩን አይተዋል፣ ድንጋይ ደርድረውበታል፣ ጸሎት አድርሰዋል፤ መንገዱ እስኪሻል እዚያው ይቆያል። ሰው ሁሉ "እሰይ፣ እሰይ" አለ። ለመጡት ሰዎች ምሳ መቅረብ ጀመረ።

ድርቤ ጭቃውን ስታይ ቆየች።

"ጠዋት ሄዳችሁ ለምሳ ደረሳችሁ" አለች። "ይህን ያህል ቅርብ ነበር?"